የካልሲየም በር የመብራት ማብሪያ አይደለም

በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ስላሉት የካልሲየም ቻናሎች በክፍል ውስጥ የምንማረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ ይከፈታሉ፣ ካልሲየም ይገባል፣ ሴሉም መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን ይለቃል። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ይሁንና ቻናሉን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ አድርጎ ስለሚያሳየን፣ ሞርፊን ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግስ ስንጠየቅ መልስ ያሳጣናል።

ከሴሉ ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት ከውስጡ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለ በር ያለ ጠባቂ አይተውም። ከጠባቂዎቹ መካከል ኒውሮፔፕታይዶች፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች የሚያመነጯቸው አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ፣ አበርዲን፣ ከአሳማ አንጎል ኢንኬፋሊን የተባሉትን ሁለት ፔፕታይዶች ለዩ። አንጎል ራሱ ሞርፊን መሰል ነገር ያመርታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የጫጩት የስሜት ነርቭ ሴሎች ኢንኬፋሊን ሲጨመርባቸው የሚለቁት የሰብስታንስ ፒ መጠን እንደሚቀንስ ታየ። ሰብስታንስ ፒ የሕመምን መልእክት ከሚያደርሱት ኒውሮፔፕታይዶች አንዱ ነው፤ እንግዲህ አንዱ ፔፕታይድ የሌላውን አፍ ያዘ!

ኢንኬፋሊን ግን ቻናሉን ራሱን አይነካውም። ከተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ተቀባዩ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ያለውን ጂ-ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ከዚህ የሚለየው ቤታ-ጋማ የተባለው ጥንድ በቻናሉ ላይ ይለጠፋል። ይህን የመጨረሻ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት የምርምር ቡድኖች አሳይተዋል። ጥንዱ የተለጠፈበት ቻናል አይደፈንም፤ ያመነታል እንጂ። ለመከፈት ይዘገያል፤ ብርቱ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲመጣ ግን ጥንዱ ይላቀቅና በሩ እንደ ቀድሞው ይከፈታል። ሞርፊንም በዚሁ መንገድ ይጠቀማል (የፖታሲየም ቻናሎችንም ይከፍታል፤ እርሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን)።

በሩን መድፈንም ተሞክሯል። በባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ውስጥ ያለውን ፔፕታይድ አስመስሎ የተሠራው ዚኮኖታይድ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ከባድ ሕመምን ያስታግሳል፤ ነገር ግን በቀጥታ በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ መሰጠት አለበት፤ የአእምሮ መደናገርና ቅዠትም ሊያስከትል ይችላል። በማመንታትና በመደፈን መካከል ያለው ልዩነት ለታማሚው ይህን ያህል ነው።

በእኛ አስተያየት ኢንኬፋሊን በመግቢያው ትምህርት ውስጥ ከኤሌክትሪክ ምልክቱ ጎን ሊቀመጥ ይገባዋል። «ለከፍተኛ ዓመት ይቆይ» የሚሉ አሉ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ባዮሎጂ የማይማረው ተማሪ ግን፣ ነገ ለአባቱ ሞርፊን ሲታዘዝ «አደንዛዥ ነው» ብሎ ከመከልከሉ በፊት፣ መድኃኒቱ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የሚያውቅበት ሌላ ክፍል የለውም።