ስሙ የአንዱ፣ ኪሱ የሌላው፦ “ነፃ” መነጽር እስከ መቼ ነፃ ነው?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ የመነጽር መደብር የገባ ሰው ሻኔል፣ ፕራዳ፣ አርማኒ፣ ቨርሳቼ፣ በርበሪ፣ ሬይባን፣ ኦክሊ፣ ፐርሶል የሚሉ ስሞችን መደርደሪያው ላይ ያገኛል። ምርጫው የበዛለት ይመስለዋል። የአንዱ ዋጋ ሲወደድበት ፊቱን ወደ ተፎካካሪው ያዞራል። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ የሚያመርተው አንድ ኩባንያ ነው፤ ኤሲሎርሉክሶቲካ ይባላል። ሱቁ ሰንግላስ ሃት ወይም ሌንስክራፍተርስ ከሆነ ሱቁም የእሱው ነው። ፍሬሙ ላይ የሚገጠመው ሌንስ ከኤሲሎር የመጣ ከሆነ ሌንሱም የእሱው ነው። ገዢው ከሰውዬው ቀኝ ኪስ ሸሽቶ ግራ ኪሱ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በመነጽር ገበያ ግን ስም የሚወጣው በውል ነው። የፋሽን ቤቱ ስሙን ያከራያል፣ አምራቹ ፍሬሙን ሠርቶ ስሙን ይለጥፍበታል፣ ገዢው ለስሙ ይከፍላል።

ራሳቸውን የቻሉ ቅንጡ የመነጽር ቤቶች ባለፉት ዓመታት ስማቸው የገነነው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ዲዛይን ባወጡ ቁጥር ዜናው በፋሽን ዓምድ ይወጣል፤ ዘንድሮ ወፍራም ፍሬም መጣ፣ ቀጭን ቲታኒየም ተመለሰ፣ ቀለም የገባበት ሌንስ ተወደደ ይባላል። ዜናው ግን ከፋሽን ይልቅ የንግድ ጉዳይ ነው። የእነዚህ ቤቶች ዲዛይን በደንብ የሚገባው ከማን እየሸሹ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ ደግሞ ዲዛይን ብቻውን ነፃነትን አለመጠበቁ ነው።

እዚህ እንዴት ተደረሰ?

ሊዮናርዶ ዴል ቬኪዮ ሚላን ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነው። በ1961 በሰሜን ኢጣሊያ ተራሮች መካከል በምትገኘው አጎርዶ ሉክሶቲካን ሲመሠርት ሥራው ለሌሎች አምራቾች የመነጽር ክፍሎችን መሥራት ነበር። በኋላ ሙሉ ፍሬም ማምረት ጀመረ። ቀጥሎ አከፋፋዮችን፣ ከዚያም ሱቆችን ገዛ። በ1995 ፐርሶልንና ሌንስክራፍተርስን፣ በ1999 ሬይባንን፣ በ2001 ሰንግላስ ሃትን ጠቀለለ። በነዳጅ ማደያ ሳይቀር በርካሽ ይቸበቸብ የነበረው ሬይባን ከእነዚያ ቦታዎች ተነሥቶ ዋጋው ሽቅብ ወጣ።

የኦክሊ ታሪክ ደግሞ ለነፃ አምራቾች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ቀርቷል። ሉክሶቲካ ሰንግላስ ሃትን ከያዘ በኋላ ከኦክሊ የሚያዘውን ምርት ቀነሰ። ዋነኛ መሸጫው የጠበበበት ኦክሊ የአክሲዮን ዋጋው ወደቀ። በ2007 ሉክሶቲካ ራሱ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ ንግድ ሱቁን የያዘ ሰው አምራቹንም እንደሚይዝ ያኔ ግልጽ ሆነ።

በ2018 ሉክሶቲካ ከዓለም ትልቁ የሌንስ አምራች ከፈረንሳዩ ኤሲሎር ጋር ተዋሐደ፤ በ2021 ግራንድቪዥን የተባለውን ግዙፍ የሱቆች ሰንሰለት ጨመረ። ዴል ቬኪዮ በ2022 ሲሞት የተወው ኩባንያ በ2024 የ26.5 ቢሊዮን ዩሮ ሽያጭ አስመዝግቧል።

ዲዛይኑ ምን እያለ ነው?

ነፃዎቹ ቤቶች ከዚህ ግዙፍ ጋር በዋጋም በብዛትም መወዳደር አይችሉም። የቀራቸው መንገድ ግዙፉ ሊሠራው የማይመቸውን መሥራት ነው።

የመጀመሪያው ስልት ስምን መደበቅ ነው። በ1969 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ከትለር ኤንድ ግሮስ ፍሬሙ ላይ ከውጭ የሚታይ ስም አይጽፍም። ለተከራየ ስም የሚከፈለው ገንዘብ እዚህ ለቅርጹና ለእጅ ሥራው ይከፈላል። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም መነጽር ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ጥቂት መሥራት ነው። ፈረንሳዊው ዠሮም ማዥ በ2014 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቋቋመው ዣክ ማሪ ማዥ ፍሬሞቹን ጃፓን ውስጥ እያሠራ በተወሰነ ቁጥር ብቻ ያወጣል። ክንዳቸው ወፍራም ነው፤ እንደ ጌጥ የሚሠሩ የብረት ፈርጦች አሏቸው። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የወፍራም ፍሬም ወረት ከዚህ ቤት ብዙ ተምሯል። ቅርጹን መቅዳት ቀላል ነው፤ በሚሊዮን የሚያመርት ፋብሪካ ግን ጥቂት ብቻ ማምረትን ሊቀዳ አይችልም።

ሦስተኛው በአሠራር መለየት ነው። በ2003 በርሊን ውስጥ የተጀመረው ማይኪታ ስሙን ያገኘው የመጀመሪያ ወርክሾፑ ቀድሞ የሕፃናት መዋያ ከነበረበት ቤት ነው፤ “ኪታ” በጀርመንኛ የመዋያው አጠራር ነው። ከስስ የብረት ንጣፍ ተቆርጦና ተጣጥፎ የሚሠራው ፍሬሙ ማጠፊያው ላይ ብሎን የለውም። በኋላም በሦስት አውታር ማተሚያ ከዱቄት የሚታተም ፍሬም አወጣ። የአንትወርፑ ቴዎ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ያልተለመደ ቅርጽና ደማቅ ቀለም ይዞ ቆይቷል፤ ስሙ እንኳ የአንደኛው መሥራች የሁት ስም በላቲን ፊደል ተገለባብጦ የተጻፈ ነው። ሰዉ ፊቱ ላይ መነጽር እንዳለ እንዳይታወቅበት በሚፈልግበት ዘመን “ይታወቅ” ብሎ የመጣ ቤት ነው።

አራተኛው ጥሬ ዕቃው ነው። ጥሩ ፍሬም የሚሠራበት አሲቴት ከጥጥና ከእንጨት ጭረት የሚገኝ ነው። በ1849 የተመሠረተው የኢጣሊያው ማዙኬሊ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነው። ተራ የፕላስቲክ ፍሬም ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። የአሲቴቱ ግን ከጠፍጣፋ ንጣፍ ይቆረጣል፣ የእንጨት ስብርባሪ በተሞላ በርሜል ውስጥ ለቀናት እየተሽከረከረ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም በእጅ ይወለወላል። ዛሬ ደግሞ ከነዳጅ ውጤት ይልቅ ከእጽዋት የተገኘ ማለስለሻ የገባበት አሲቴት እየተስፋፋ ነው። ከጎሽ ቀንድ የሚሠራ ፍሬምም አለ። ቀንድ ዋንጫ ሲሆን ያየ አበሻ ይህ ብዙ አይደንቀው ይሆናል፤ እንደ ዋንጫው ሁሉ ሁለት ፍሬሞች አንድ ዓይነት መልክ አይኖራቸውም።

ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያሠሩት አንድ ቦታ ነው፤ በጃፓን ፉኩይ ግዛት በምትገኘው ሳባኤ። አካባቢው ክረምቱ በረዶ ነው፣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይከርማል። ማሱናጋ ጎዛኤሞን የተባሉ ሰው በ1905 ባለሙያዎች ከኦሳካ አስመጥተው ለአካባቢው ልጆች የመነጽር ሥራ አስተማሩ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ከሚመረቱ ፍሬሞች ከ90 በመቶ በላይ የሚወጡት ከዚያ አካባቢ ነው። የቲታኒየም ፍሬምም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተወለደው እዚያ ነው። አንዱ ማጠፊያ ይሠራል፣ አንዱ ይበይዳል፣ አንዱ ይወለውላል፤ ከተማው በሙሉ አንድ ወርክሾፕ ነው ማለት ይቻላል።

የተሸጡት ነፃዎች

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመርረው። በነፃነቱ የተወደደ ቤት ሲያድግ ይሸጣል።

ኦሊቨር ፒፕልስን እንውሰድ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላሪ ላይትና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የከፈቱት፣ ስም የማይታይበት ለስላሳ ዲዛይን ፈር የቀደደ ቤት ነበር። በ2006 ኦክሊ ገዛው፤ በማግስቱ ዓመት ኦክሊ ራሱ ሲገዛ አብሮ ወደ ሉክሶቲካ ገባ። ከቤቱ የወጡት ቢል ባርተንና ዲዛይነሯ ፓቲ ፔሬራ በ2007 ባርተን ፔሬራ የተባለ ነፃ ቤት አቋቋሙ። በ2023 እሱንም የኤልቪኤምኤች የመነጽር ክንፍ የሆነው ቴሊዮስ ገዛው። የላሪ ላይት ልጅ ጋሬት ላይት ደግሞ በ2010 የራሱን ቤት ከፍቶ ከዜሮ ጀመረ። አንድ ትውልድ የሠራውን ሲሸጥ፣ ቀጣዩ ያንኑ ነፃነት እንደገና ለመሥራት ይነሣል።

ይህ ብቻ አይደለም። ብሎን አልባ የቲታኒየም ፍሬም በመሥራት የታወቀውን የዴንማርኩን የሊንድበርግ ቤተሰብ ኩባንያ በ2021 ኬሪንግ ጠቀለለው። ከማይኪታ መሥራቾች አንዳንዶቹ የወጡበት አይሲ በርሊን በ2023 በኢጣሊያው ማርኮሊን ተገዛ። ሳባኤ ያለችበት ፉኩይም ከዓይን አላመለጠችም፤ በ2018 ሉክሶቲካ ከአካባቢው ፋብሪካዎች የአንዱን አብላጫ ድርሻ ይዟል።

መሥራቾቹን መውቀስ ቀላል ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ሥራውን የመሸጥ መብት አለው፤ ተተኪ ያላገኘ ቤት ከሚዘጋ ቢሸጥ ይሻላል የሚልም አይጠፋም። ጥፋቱ ያለው ሽያጩ ላይ ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ ታሪኩ እንዳልተቀየረ አድርጎ መናገሩ ላይ ነው። ያው ስም፣ ያው የመሥራቹ ፎቶ፣ ያው “በእጅ የተሠራ” የሚል ጽሑፍ ይቀጥላል። ገዢው ለነፃነት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን የሚገባው ሊሸሸው ወደፈለገው ካዝና ነው።

ግዙፉስ ምንም አልጠቀመም?

ጠቅሟል፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ለሩቅም ለቅርብም በአንድ ሌንስ ለማየት ያስቻለው ቫሪሉክስ በ1959 የወጣው በኋላ ኤሲሎር ከሆነው ድርጅት ነው። ሰፊ ምርምር ሰፊ ገንዘብ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የዕይታ ችግር እንዳለባቸው፣ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ መከላከል ይቻል የነበረ ወይም መፍትሔ ያላገኘ እንደሆነ ገልጿል። ከእነዚህ መካከል ቀላል መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋቸው እጅግ ብዙ ናቸው። ለእነሱ በመቶዎች ዶላር የሚሸጥ የጃፓን ፍሬም መልስ አይሆንም። ነፃዎቹ ቤቶችም የድሃ ጠበቃ ነን አላሉም፤ ቢሉም የሚያምናቸው የለም።

የእነሱ ጥቅም ሌላ ነው። አንድ ኩባንያ ስሙንም፣ ሱቁንም፣ ሌንሱንም በያዘበት ገበያ የመነጽር ትክክለኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚነግር ሰው ይጠፋል። ነፃ አምራች እስካለ ድረስ ግን መለኪያ አለ፤ ይህ በእጅ የተሠራ ፍሬም ይህን ያህል ካወጣ፣ ያ በማሽን ተሠርቶ ስም የተለጠፈበት ለምን ተመሳሳይ ዋጋ ተጠራበት ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሙያውም አብሮ ይቆያል። የሳባኤ ሽማግሌ እጅ አንዴ ከሥራ ከወጣ በገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም።

የሚመጣው ፉክክር

አሁን ደግሞ ነገሩ ከቅርጽም ከስምም እያለፈ ነው። ሬይባን ከሜታ ጋር ሆኖ በ2023 መጨረሻ ያወጣው ካሜራና ማይክሮፎን ያለው መነጽር እስከ 2025 መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። ጎግል በ2025 ከደቡብ ኮሪያው ጀንትል ሞንስተርና ከዎርቢ ፓርከር ጋር እንደሚሠራ አስታውቋል። በደፋር ዲዛይን ስም ያወጣ ቤት ሁሉ ነገ ከቴክኖሎጂ ኩባንያ ጥሪ ይመጣለታል። ወፍራም ፍሬም ያኔ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ ባትሪ የሚደበቅበት ቦታም ይሆናል።

ለነፃዎቹ ቤቶች ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ አይመጣም። እስከ ዛሬ “እኛ እንለያለን” ሲሉ ልዩነታቸው ማጠፊያው ላይ ወይም ቀለሙ ላይ ነበር። ከአሁን በኋላ የባለቤቱን ዓይን ብቻ የሚያገለግል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው የማይቀርጽ መነጽር መሥራት ራሱ አቋም ነው። ይህን ግን ሊጠብቅ የሚችለው አለቃ የሌለበት ቤት ብቻ ነው።

መርካቶ ላይ “ሬይባን” ተብሎ የቀረበለትን መነጽር የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ “ኦርጅናል ነው?” ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬ ግን ብቻውን አይበቃም። ኦርጅናል የሆነውም ከስሙ በስተጀርባ ማን እንዳለ አይናገርም። ለቅንጡ መነጽር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ እዚህም ይኑር ውጭ አገር፣ ሻጩን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ያተርፋል፦ ይህን ማን ሠራው? የት ሠራው? ዛሬ ባለቤቱ ማን ነው? ሻጩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በኩራት ይመልስ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ከተንተባተበ ገዢው ዋጋውን እንደገና ማየት አለበት።