በሽታ ኬላ አያውቅም

ለምርምር ቤት የሚወጣው ገንዘብ ትርፉ ዘግይቶ ስለሚታይ ከንቱ ወጪ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። የከብት ደስታን ታሪክ የሚያስታውስ ግን እንዲህ ለማለት አይደፍርም። ይህ በሽታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 በምጽዋ ወደብ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር ገብቶ፣ በሬን ከቀንበሩ፣ ላምን ከበረቷ አጥፍቶ፣ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረኃብ አስከተለ።

መከላከያው የተገኘው በናይሮቢ አጠገብ፣ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ነው። በዚያም ዋልተር ፕላውራይትና የሥራ ባልደረቦቹ በ1960 ገደማ በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ የበሽታውን ቫይረስ አዳክመው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ክትባት አዘጋጁ። አሠራሩንም በጽሑፍ ስላካፈሉ፣ ሌሎች አገሮች፣ በቢሾፍቱ ያለው የክትባት ማምረቻም ጭምር፣ ክትባቱን ለማምረት ቻሉ። ሊቃውንት፣ የእንስሳት ሐኪሞችና አርብቶ አደሮች ተባብረው በመሥራታቸው በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

አሁን ደግሞ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 እንዲጠፋ ታቅዷል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ለምርምር ቤት በጀት አይንፈግ፤ ነጋዴውም ያልተከተበ መንጋ በስውር አያሻግር። በሽታ ኬላ የማያውቅ ከሆነ፣ ዕውቀትም በኬላ ሊታገድ አይገባውም።