አናቱ ክፍት የሆነ አጥር ይብቃን!



አጥሩን በገዛ እጁ የገነባ ሰው ይመሰገናል። ነገር ግን ለብረት በሩ ቀለም ገንዘብ አውጥቶ የአጥሩን አናት ክፍት የሚተወውን ምን እንበለው? «ክዳን ድንጋይ የሀብታም ጌጥ ነው» እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው! የጂንካ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ሰኔን አይጠብቅም፤ በመጋቢት ይገባል፣ በመስከረም ደግሞ ይመለሳል። ውሃው ከአናት ሰርጎ በድንጋዩ መሀል ያለውን ጭቃ ያጥባል፤ አጥሩ ሆዱ ያብጥና አንድ ቀን መንገድ ላይ ይዘረገፋል። በዚያ መንገድ የሚያልፉት ልጆቻችን ናቸው።

አንዳንዱ ደግሞ «የኮንሶ ካብ ያለ ክዳን ቆሞ የለም ወይ?» ብሎ ይከራከራል። ቆሟል፤ የኮንሶ መልክዓ ምድር ከነእርከኑ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን ጎበዝ፣ ካብና ግንብ አንድ ነው እንዴ? ካብ ጭቃም ሲሚንቶም የለው፣ ውሃው በድንጋዩ መሀል ሾልኮ ይወጣል። የኛ ግን ውሃውን ይዞ ይቀመጣል።

ጠርሙስ ሰባብሮ መሰካትም ክዳን አይደለም። (ሌባው እንደሆነ ለምዶታል።)

ድንጋዩ ከአጥሩ ወርድ በግራም በቀኝም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ሲባጎ ወጥሮ በተቦካ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ፣ መጋጠሚያውንም አጥብቆ መድፈን ነው። ወደ ራስ ግቢ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ውሃውን ጎረቤት ላይ ማፍሰስ ጠብ መጥራት ነው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይሁን።

ሲባጎና ውሃ ልክ ማኅበሩ ያውሳል። ሥራው ከመጋቢት በፊት እንዲያልቅ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ