በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱን ረስቶ

ኅዳር ከታጠነ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት ያልታየ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ማግኘቷን ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቀች። በማግስቱ የጤና ሚኒስትሩ ጆ ፋህላ እና የዘረመል ተመራማሪው ቱሊዮ ዴ ኦሊቬራ ያዩትን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ ተናገሩ። ኅዳር 17 ድርጅቱ ዝርያውን «ኦሚክሮን» ብሎ ሰየመው። በዚያው ዕለት ብሪታኒያ በስድስት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ላይ በሯን ዘጋች። አሜሪካ ተከትላ ስምንት አገሮችን አገደች። እስራኤል የውጭ ዜጋ እንዳይገባ ከልክላ 50 የአፍሪካ አገሮችን ቀይ መዝገብ ላይ አሰፈረች። ከራሳችን አህጉር እንኳ ሩዋንዳ፣ አንጎላና ግብጽ ወደ ደቡብ የሚያደርጉትን በረራ አቆሙ።

በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነው? በቫይረሱ ላይ ነው፣ ወይስ ቫይረሱ መኖሩን በነገረን ሰው ላይ?

ነገሩ ያለፈ መሆኑን አልዘነጋሁም። ኮሮና ግን መልኩን መቀያየር አላቆመም፤ እኛም የሚቀጥለውን ወረርሽኝ የምንጠብቀው በዚያው ልማድ ነው። ስለዚህ እጠይቃለሁ።

እስቲ መጀመሪያ እንዴት እንደተገኘ እንይ። ፕሪቶሪያ ውስጥ የሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተለመደውን የፒሲአር ምርመራ ሲያደርጉ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ምርመራው የቫይረሱን ሦስት የዘረመል ክፍሎች የሚፈልግ ነው። ሁለቱ ይታያሉ፤ ሦስተኛው፣ የቫይረሱን እሾህ የሚሠራው፣ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን የማሽን ስህተት ተብሎ ይታለፍ ነበር። እየተደጋገመ ሲመጣ ግን አላለፉትም፤ የናሙናዎቹ ሙሉ ዘረመል ተነበበ። እሾሁ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ተገኙ። በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔም ሲኩሊሌ ሞዮ የሚመሩት ላቦራቶሪ ኅዳር 2 በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ይህንኑ አየ። ናሙናዎቹ የአራት የውጭ አገር ዲፕሎማቶች ነበሩ። ታዲያ አንዳንድ ጋዜጦች ቫይረሱን «የቦትስዋና ዝርያ» ብለው ሲጠሩት ምን ማለታቸው ነበር? ያገኘው ሁሉ የወለደው ነው? በሌሊት «ሌባ!» ብሎ የጮኸ ሰው ሲኖር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚይዘው የጮኸውን ነው?

ይህ ችሎታ በአንድ ሌሊት አልበቀለም። ደቡባዊ አፍሪካ ከኤችአይቪና ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ለዓመታት ሲታገል ያሠለጠነው ሰው፣ የሰበሰበው መሣሪያ ነው። በሌላ አገር ሳይታይ ሊያልፍ የሚችለው እዚያ የታየው፣ እዚያ የሚያይ ዓይን ስለነበረ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የሆነውን ላስታውስ። ኅዳር 17 ከደቡብ አፍሪካ የተነሡ ሁለት አውሮፕላኖች አምስተርዳም ሲደርሱ ከ600 በላይ መንገደኞች ለሰዓታት እንዳይወጡ ተደርገው ተመረመሩ። 61ዱ ኮሮና ተገኘባቸው፤ ከእነሱ መካከል ቢያንስ 14ቱ ኦሚክሮን ነበረባቸው። የሁሉም ጣት ወደ አውሮፕላኖቹ ተቀሰረ። ከአራት ቀን በኋላ የአገሪቱ የጤና ተቋም በእጁ የነበሩ የቆዩ ናሙናዎችን መልሶ ሲያይ፣ ኦሚክሮን ኅዳር 10 እና ኅዳር 14 በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። አውሮፕላኖቹ ገና አልተነሡም ነበር። በሩ ሲዘጋ እንግዳው ሳሎን ውስጥ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ጣቱን የቀሰረ ሁሉ ጣቱን መልሶ ወዴት አዞረው?

አዲስ ዝርያ እንዴት እንደሚዛመት ለመረዳት ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። ኦሚክሮን በደቡብ አፍሪካ ጋውቴንግ ግዛት በተነሣበት ወቅት የተያዙ ሰዎች ቁጥር በየሦስት ቀኑ ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። በዚህ አካሄድ በ30 ቀን ውስጥ አሥር ጊዜ ይታጠፍና 1,024 ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ልብ አይለውም፤ ብዙ ሰው ምልክት ከማየቱ በፊት ያስተላልፋል፣ አንዳንዱም ምልክት ጨርሶ አያይም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግንባራችን ላይ የሚደገነው ሙቀት መለኪያ ለዚህ ሰው ምን ይፈይዳል?

አሁን እንበል፣ የጉዞ እገዳው ከሚጠበቀው በላይ ተሳካ፤ ቫይረሱን ከያዙ አሥር መንገደኞች ዘጠኙን አስቀረ። ያለፈው አንዱ አሥር ሰው ለመሆን የሚፈልገው ጊዜ አሥር ቀን ገደማ ነው። ያ ሁሉ የተሰረዘ ትኬት፣ ያ ሁሉ የከሰረ ሆቴል፣ ከልጆቹ ተለይቶ የቀረ አባት፣ የገዛው አሥር ቀን ነው። አሥር ቀን ምንም አይደለም አልልም። በአሥር ቀን ብዙ አረጋዊ ይከተባል፣ ኦክስጅን ይሞላል፣ የክፍሎች መስኮት ይጠገናል። ግን በዚያች አሥር ቀን ይህ ተሠራ? እገዳውን በሰዓታት ውስጥ መወሰን የቻሉ መንግሥታት ክትባት ለማካፈል ዓመት እንኳ ለምን አልበቃቸውም? ያኔ ከአሥር አፍሪካውያን አንዱ እንኳ ሙሉ ክትባት አላገኘም ነበር። እነሱ ዘንድ ማጠናከሪያው ዙር እየታደለ ነበር።

የአሜሪካው እገዳ ደግሞ ዜጎቿንና ቋሚ ነዋሪዎቿን አይመለከትም ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ በአንድ ሰልፍ ከቆሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ይሳፈራል፣ ሌላው ይቀራል። አንድ ሰፈር ሰንብተው፣ አንድ ቤት በልተው ሊሆን ይችላል። ይህ እገዳ ከለየ የለየው ምንን ከምን ነው? የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ ኅዳር 22 «የጉዞ አፓርታይድ» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔን ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። በረራ ሲቋረጥ ዘረመል ለማንበብ የሚያስፈልጉ ኬሚካሎችም በጊዜ መድረስ ያቅታቸዋል፤ ዴ ኦሊቬራ ይህን በይፋ አስጠንቅቀዋል። ጨለማ ውስጥ ፋኖስ የያዘልንን ሰው ላምባ ከለከልነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በምን ላይ ተሳፍሮ ነው?

ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ በአንድ ለይቶ ማቆያ ሆቴል፣ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ አንዱ ከደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው ከካናዳ የመጡ። ሁለቱም የተከተቡ ናቸው። ክፍሎቻቸው በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ነበሩ። የሆቴሉ ካሜራ እንዳሳየው ከክፍላቸው አልወጡም፣ አልተገናኙም፣ የጋራ ዕቃ አልነኩም። በራቸውን የከፈቱት ደጃፍ ላይ የተቀመጠላቸውን ምግብ ለማንሣትና ለመመርመር ብቻ ነው። ሁለቱም በኦሚክሮን ተያዙ። ኦስሎ ውስጥ ደግሞ ዝርያው ስም ባገኘበት በዚያው ምሽት አንድ የመሥሪያ ቤት የገና ግብዣ ነበር። ከመቶ በላይ ሰው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የተከተበ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ። ከመካከላቸው አንዱ በቅርቡ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ነበር። ከአራት እንግዳ ሦስቱ ገደማ ተያዙ። ክትባቱ ከከባድ ሕመምና ከሞት ይጠብቃል፤ የአዳራሹን አየር ግን አያጸዳም።

ታዲያ የአየሩ ነገር ለምን ይህን ያህል ዘገየ? በመጋቢት 2012 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ አየር ወለድ አይደለም ብሎ ለሕዝብ ጽፎ ነበር። በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ተንሳፍፎ ሊተላለፍ እንደሚችል በማያሻማ ቃል ያሰፈረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ዓመት ስንት ጠረጴዛ ተወለወለ? ስንት ጊዜ እጃችንን ታጠብን? ስንት ክፍል መስኮቱ እንደተከረቸመ ዋለ?

እኛስ? ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስንቀመጥ ረዳቱ በር ላይ ሳኒታይዘር ይረጭልን ነበር። ማስኩ አገጫችን ላይ ነው። ታክሲው ሞልቶ ሲነሣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ እባክህ መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ንፋስ ይመታኛል» ይላሉ። ማን እምቢ ይላል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ዘግቻለሁ። እሳቸውን አልወቅስም። ብርድና ንፋስ መፍራትን ከእናቶቻቸው ተምረዋል፤ የተዘጋ አየር እንዲፈሩ ግን ማን አስተማራቸው? በቴሌቪዥን ቀን ከሌት ስለ እጅ መታጠብ ሲነገር፣ ስለዚያ መስኮት የተነገረው ስንት ደቂቃ ነው?

በታኅሣሥ 2014 አዲስ አበባን ሳል ያዛት። «ጉንፋን ነው» ተባባልን፤ ዝንጅብል አፍልተን፣ ዳማከሴ አሽተን ሥራ ገባን። አራተኛው ማዕበል ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥት አንድ ሚሊዮን የዲያስፖራ ወገን ለገና አገሩ እንዲገባ ጠርቶ ነበር። ዘመድ መጥራት ደስ ይላል፤ እኔም ሰው ተቀብያለሁ። ግን ለግብዣው አዳራሽ ሲመረጥ የአየሩን መውጫና መግቢያ ያየ ሰው ነበር? ታኅሣሥ 16 ደግሞ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከናይጄሪያ የሚነሡ መንገደኞች እንዳይገቡ አገደች። ለፈቃድ አገሯ ገብታ የመመለሻ ቀኗ የደረሰባት የቤት ሠራተኛ ደመወዟ ሲቀር የሚከፍላት ማን ነው? የእገዳ ዋጋ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ከማን ኪስ ነው?

ኅዳርን የምናጥነው ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማችንን የመታውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ነው። ያ ወረርሽኝ በሌላው ዓለም «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» ይባላል። ስሙ ከስፔን የተጣበቀው በሽታው ከዚያ ስለተነሣ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚዋጉት አገሮች የጋዜጦቻቸውን አፍ ዘግተው ሳለ፣ ስፔን ከጦርነቱ ውጭ ስለነበረች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው በነጻነት ስለጻፉ ነው። የተናገረው ተሰየመበት፤ ዝም ያለው ከስም ዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2013 ዝርያዎችን በግሪክ ፊደል መጥራት የጀመረው አገሮች እንዲህ እንዳይሰየምባቸው ነበር። ስሙስ ተቀየረ። ቅጣቱ ተቀየረ? ብሪታኒያ እገዳዋን ታኅሣሥ 6 አነሣች፣ አሜሪካ ታኅሣሥ 22፤ ያኔ ኦሚክሮን በሁለቱም አገሮች ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር። ለደቡብ አፍሪካና ለቦትስዋና ግን የበዓል ሰሞን ገቢያቸውን ማን መለሰላቸው?

አያቶቻችን በሽታው አየር ውስጥ ነው ብለው ጠርጥረው አየሩን ሊያጥኑ ሞከሩ። ጭሱ መድኃኒት አይደለም፤ ዛሬ አብሮት የሚነደው ፕላስቲክማ ጭራሽ ሳንባ ይጎዳል። ግን ዓይናቸውን ያሳረፉት አየሩ ላይ ነበር። እኛ ትምህርት ቤቶቻችንን፣ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍሎቻችንን፣ የቀበሌ አዳራሾቻችንን ስንሠራ ዓይናችን የት ላይ ነው?

አሁን አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ አስቡ። አዲስ አበባ ትሁን፣ ካምፓላ ወይም ሉሳካ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሦስቱ ምልክት አንዱ አልወጣም። የሚቀጥለው ናሙናም እንዲሁ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ስልኩ አጠገቧ ነው። ከደወለች ሰኞ ጠዋት አገሯ ላይ የትኞቹ በሮች እንደሚዘጉ ታውቃለች፤ ኬሚካሉን የሚያመጣላት አውሮፕላንም እንደሚቀር ታውቃለች። ትደውላለች? እንድትደውል ምን አድርገንላታል?