የሰመጠን ልጅ ስለ ዋና አትጠይቁት

«ዋና ቢችል ኖሮ እኮ ይተርፍ ነበር።»

ይህን ያለው አፉ እንዳመጣለት የሚናገር ሰው ቢሆን ኖሮ ሰምቼ ባለፍኩ። የተናገረው ግን የተማረ፣ አፉን ሲከፍት የሚደመጥ ሰው ነው። የተናገረውም ሰንበቴ ከተማ ውስጥ፣ ጀናዛ ያልመጣበት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ነው። እናትየው ከመጋረጃው ወዲያ ናት፤ ሁሉንም ትሰማለች። «እውነት ነው» አሉት ዙሪያውን የነበሩት። «መፍትሔው ወጣቱን ዋና ማሠልጠን ነው» ብሎ ጨመረበት። አሁንም «እውነት ነው» አሉት። ሐምሌ 27 ቀን 2017 የመን ውስጥ፣ አቢያን ጠረፍ ላይ፣ ኢትዮጵያውያንን የጫነ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰዎች ካለቁ ወዲህ ይህን ነገር ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ያልሰማሁበት ቦታ የለም፤ ሻይ ቤት ይባላል፣ መናኸሪያ ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል። ሐሰት ነው። ከሐሰትም ሰው የሚያስፈጅ ሐሰት ነው።

ሰኔ 3 ቀን 2016 እዚያው የመን፣ ሻብዋ አጠገብ የተገለበጠው ጀልባ ከሶማሊያዋ ቦሳሶ የተነሣው 260 ሰው ጭኖ ነው፤ 145ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 115ቱ ሶማሊያውያን። መሞታቸው ከተረጋገጠው 49 ሰዎች 31ዱ ሴቶች፣ 6ቱ ሕፃናት ነበሩ። 140 ሰው ደግሞ የገባበት ጠፋ። ከእነዚያ ከስድስቱ ሕፃናት ለየትኛው ነው «ዋና ቢችል ኖሮ» የሚባለው?

መስከረም 21 ቀን 2017 ደግሞ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ 310 ሰዎች በሁለት ጀልባ ተጭነው ኮር አንጋር አጠገብ ደረሱ። ጀልባ ነጂዎቹ ባሕሩ ላይ አስገድደው አወረዷቸው። ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በሕይወት ከተገኙት አንዱ የ4 ወር ሕፃን ነበር። የብሱ 150 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። «ታዲያ 150 ሜትር ለዋናተኛ ምኑ ነው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም እጠይቀዋለሁ፦ 150 ሜትር ሞተር ላለው ጀልባ ምኑ ነው? የሰው ገንዘብ ተቀብሎ የጫነ፣ የብሱን በዓይኑ እያየ መንገደኛውን ወደ ጥልቁ የገፈተረ ሰው ቆሞ ሳለ፣ የተገፈተረውን ልጅ ችሎታ መመርመር ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በእነዚህ ጀልባዎች ሰው እንዴት እንደሚሄድ ከተመላሾች አንደበት ያልሰማ ሰው በእኛ ዞን የለም። አንዱ በሌላው እግር መሐል ገብቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። እግሬ ደነዘዘ ብሎ የተነቃነቀ በዱላ ይመታል። በረሃውን በእግሩ አቋርጦ የመጣ ነው፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ቀናት ሙሉ በቅጡ ያልበላ። ጀልባው ሲገለበጥ ሦስት አራት ሰው በላዩ ይወድቅበታል። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ይይዛልና ዋና የሚችለውም ልጅ ክንዱን የሚዘረጋበት ቦታ አያገኝም።

ባሕር በቡድን የሚወጡ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ካያክ የምትባል ጠባብ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ አለች፤ ባደጉት አገሮች ሰዎች ተሰባስበው በእሷ ለመዝናናት ባሕር ይወጣሉ። በቁጥር ጥቂት ናቸው፣ በልተው ጠጥተው በጠራራ ፀሐይ ይወጣሉ፣ አብዛኞቹም ዋና ይችላሉ። እንዲያም ሆኖ ዋና መቻላቸውን የሚያምን ደኅና መሪ የለም። መሪው ማንም ውኃ ከመንካቱ በፊት የነፋሱን ትንበያ፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ያያል። እያንዳንዱን ሰው ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደቀዘፈ ይጠይቃል። የጉዞው ርቀት የሚቆረጠውም በደካማው አቅም እንጂ በጎበዙ አይደለም። ከዚያ የሁሉንም የሕይወት አድን ጃኬት ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል። ጃኬቱ ወደ አገጭ ከወጣ ልል ነው፤ ማሰሪያው እንደገና ይጠብቃል። ሰው ሲገለበጥ እንዴት ወደ ጀልባው እንደሚመለስ ጥልቀት በሌለው ውኃ አስቀድሞ ያለማምዳል። የብስ ላይ ለቀረ ሰው የመመለሻውን ሰዓት ይነግራል። ነፋሱ ከበረታ ጉዞው ይቀራል። ሰው ከሞተ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፦ በዚህ ነፋስ ለምን ወጣህ? ይህን ሰው ለምን ይዘህ ወጣህ?

ይህ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሣ ያውቃል፤ ስለዚህ ማልዶ ይወጣል። የውኃውን ጠባይ ማወቅ ያለበት ጀልባውን የሚያወጣው ሰው ነው። የሻብዋውም የአቢያኑም ጀልባ የተገለበጡት በሰኔና በሐምሌ፣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በሚያናውጥበት ወቅት ነው። ይህን ጀልባ ነጂው ያውቀዋል፤ ኑሮው ነውና። ባሕር አይቶ የማያውቅ የሰንበቴ ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ሟቹን መውቀሳችን ሳያንስ ደግሞ በሕይወት ያለውን እያስገደልን ነው። ቦርከና ወንዝ ውስጥ ዋና የለመደ የ17 ዓመት ልጅ ጆሮ አለው። «ዋና ቢችል ይተርፍ ነበር» ስንል ይሰማናል፤ «እኔ እኮ እችላለሁ» ይላል በልቡ። ደላላው ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? «ወንድሜ፣ አንተማ ዋና ትችላለህ፣ ምን ያስፈራሃል» የሚለውን እኛው አዘጋጅተን እንሰጠዋለን። ቦርከና ዳሩ ቅርብ ነው፣ እግርም መሬት ይነካል። ወደ የመን የሚሻገሩበት ባብ ኤል መንደብ ግን በጠባቡ በኩል እንኳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ወራጁም ብርቱ ነው። ልጆቻችን ዋና ይማሩ፣ ለክረምቱ ደራሽ ውኃ ይጠቅማቸዋል። የስደት መፍትሔ ነው ብሎ ስብሰባ ላይ ማቅረብ ግን ልጅን አበረታቶ ጀልባው ወደሚነሣበት የጅቡቲ ጠረፍ፣ ወደ ኦቦክ መሸኘት ነው።

ጥያቄውን ወደሚገባው ሰው እናዙረው። ልጁ ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ ሲወርድ ብቻውን አልነበረም። ያናገረው ሰው አለ፤ ገንዘቡን የተቀበለ፣ ስልክ ደውሎ ለሌላ ያስረከበ ሰው አለ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ወንጀል አድርጎ ከባድ ቅጣት ደንግጎበታል። አዋጁ ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሮቹም እኛ ነን። እሑድ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ሲገናኝ ደላላውም መሐላችን ይዞራል፤ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰላምታ እንሰጠዋለን፣ ሠርግ እንጠራዋለን፣ የላከው ልጅ ሲሞት ደግሞ መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል።

እናት ልጇን የት እንዳደረሰው መጠየቅ ያለባት እሱን ነው፤ እኛም ከእሷ ጋር ሆነን እንጠይቀው። ለፖሊስ ስሙን ለመስጠት የሚፈራ ሰው ቢያንስ እጁን አይጨብጠው፣ ልጁን አይዳርለት፣ ሠርጉ ላይ አይጥራው። የልጆቻችንን ዋጋ የበላ ሰው በመሐላችን ተከብሮ እስከኖረ ድረስ የሚቀጥለውን ጀልባ የምንሞላው እኛው ነን።