አሠልጣኙ ተሰናበተ፤ ቀጣሪውስ?

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በሲቲ ግራውንድ ስታዲየም ኖቲንግሃም ፎረስት በቼልሲ እየተመራ ሳለ የክለቡ ባለቤት ኢቫንጌሎስ ማሪናኪስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄዱ። ጨዋታው ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ፎረስት 3 ለ 0 ተሸንፎ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ 18 ደቂቃ ሳይሞላ አሠልጣኙ አንጄ ፖስቴኮግሉ መሰናበታቸው በይፋ ተነገረ። ከተሾሙ 39ኛ ቀናቸው ነበር። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በቋሚነት ተቀጥሮ ይህን ያህል አጭር ጊዜ የቆየ አሠልጣኝ የለም።

ስምንት ጨዋታ፣ ስድስት ሽንፈት፣ ሁለት አቻ። ይህ ውጤት መልካም ነው ብሎ የሚሟገት አይገኝም። ነገር ግን ሰውየው ወደ ፎረስት የመጡት የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው የሚዘጋጁበት ጊዜ አልነበራቸውም። የተረከቡት ቡድን ደግሞ ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ ወደኋላ ሰብሰብ ብሎ እንዲከላከልና በፈጣን መልሶ ማጥቃት ግብ እንዲያስቆጥር አድርገው የሠሩት ነው። ኑኖ በዚያው አጨዋወት ክለቡን ሰባተኛ አድርገው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አውሮፓ መድረክ መልሰውት ነበር። ከክለቡ አመራር ጋር አለመግባባት ተፈጠረና አዲሱ ዓመት ሦስት የሊግ ጨዋታ እንደሄደ ተሰናበቱ። በምትካቸው የመጡት ፖስቴኮግሉ ተከላካዮቻቸውን እስከ መሐል ሜዳ አስጠግተው ማጥቃት የሚወዱ ሰው ናቸው። ይህንንም በቶተንሃም ሁለት ዓመት ሙሉ ዓለም አይቶታል። ታዲያ ለመከላከል የተሠራን ቡድን ማጥቃት ለሚወድ ሰው አሳልፎ ሰጥቶ በ39 ቀን ውጤት የጠበቀው ማን ነው? አሠልጣኙ ራሳቸውን አልቀጠሩም።

ፖስቴኮግሉ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ከቶተንሃም የወጡበት መንገድም የሚረሳ አይደለም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. በቢልባኦ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፈው የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አነሡ፤ ለክለቡ ከ17 ዓመት በኋላ የተገኘ የመጀመሪያ ዋንጫ ነው። በ16ኛው ቀን ተሰናበቱ። በሊጉ 17ኛ ሆነው መጨረሳቸው እውነት ነው፤ ሊጉን ያየ ቦርድ ሊያሰናብታቸው ምክንያት አላጣም። ዋንጫ ያመጣም ሆነ ያላመጣ አሠልጣኝ እኩል ወንበሩ ሲነቃነቅ ግን ሥራው በምን እንደሚመዘን ማንም አያውቅም ማለት ነው።

አንዳንድ አሠልጣኝ መሰናበት ይገባዋል። ተጫዋቾቹ ያልተቀበሉት፣ ያለውን ስብስብ መጠቀም ያልቻለ፣ ወይም በወራጅ ቀጠና ተቀምጦ መፍትሔ ያጣ ሰው እስከ መጨረሻው ይቆይ አይባልም። ከሊግ የወረደ ክለብ የቴሌቪዥን ገቢው ያሽቆለቁላል፣ ስፖንሰሮቹ ይሸሻሉ፣ ምርጥ ተጫዋቾቹ ይሄዳሉ፤ የባለቤቶቹ ፍርሃት ከየትም የመጣ አይደለም። የሚያስቆጣው ይህ ፍርሃት ሁልጊዜ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ተጫዋች የገዛው፣ ውል የፈረመው፣ ዕቅድ ያጸደቀውና አሠልጣኙን የመረጠው አካል በወንበሩ ይቀጥላል።

ማሰናበቱ ራሱ የሚባለውን ያህል ፈውስ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በተወሰነ ደረጃ መረዳት በተቻለ ነበር። የሆላንዱ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ተር ዊል እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 በአገሩ ከፍተኛ ሊግ የተከናወኑ የአሠልጣኝ ለውጦችን መርምሯል። ያደረገው ነገር ቀላልና ብልህ ነው፤ ውጤት ጠፍቶባቸው አሠልጣኝ የቀየሩ ክለቦችን በተመሳሳይ ሁኔታ ውጤት ጠፍቶባቸው አሠልጣኛቸውን ካቆዩ ክለቦች ጋር አነጻጸረ። የቀየሩት አገገሙ። ያልቀየሩትም አገገሙ። በሁለቱ መካከል ለአሠልጣኝ ለውጡ ሊሰጥ የሚችል ብልጫ አልተገኘም። ተከታታይ ሽንፈት ውስጥ የገባ ቡድን ብዙውን ጊዜ ወደ ትክክለኛ ደረጃው ይመለሳል፤ በዚያ ሰሞን የተሾመው ሰው ግን ምስጋናውን ይወስዳል።

ሌስተር ሲቲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2008 ዓ.ም. አቋማሪ ድርጅቶች 5000 ለ 1 የሰጡትን ቡድን ይዘው የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሡት ክላውዲዮ ራኒየሪ፣ ዋንጫውን ባነሡ አሥር ወር ሳይሞላ የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ከአንድ ቀን በፊት በሻምፒዮንስ ሊግ በሴቪያ 2 ለ 1 ተሸንፈው ነበር፤ የመልስ ጨዋታው ገና ይቀራል። ምክትላቸው ክሬግ ሼክስፒር ቡድኑን ተረክበው አምስት የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፉ፤ ሴቪያንም በሜዳቸው 2 ለ 0 ረትተው ሩብ ፍጻሜ ገቡ። ብዙዎች ባለቤቶቹ ልክ ነበሩ አሉ። ሰኔ ላይ ሼክስፒር የሦስት ዓመት ውል ፈረሙ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. እርሳቸውም ተባረሩ፤ ከሦስት ዓመቱ ውል አራት ወር ብቻ ሠርተው።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ምሳሌም አለ፤ መሸሽ አይገባም። ቼልሲ በጥር 2013 ዓ.ም. ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ ቶማስ ቱኸልን ቀጠረ፤ በአራት ወሩ ፖርቶ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ በፊትም በ2004 ዓ.ም. ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ በመሐል ተተክተው ያንኑ ዋንጫ አምጥተዋል። ሆኖም ዲ ማቴዮ ዋንጫውን ባመጡ በስድስት ወራቸው ተሰናበቱ። ቱኸልም አዲሶቹ ባለቤቶች በአንድ የዝውውር መስኮት ከፍተኛ ገንዘብ ካወጡ በኋላ በጳጉሜን 2014 ዓ.ም. ተባረሩ። በምትካቸው የመጡት ግራሃም ፖተር ከብራይተን ሲወሰዱ ለካሳ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደተከፈለ ተዘግቧል፤ እርሳቸውም የቆዩት ሰባት ወር ነው። ቼልሲ ያንን ዓመት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ስለ ትዕግሥት ሲነሣ የሰር አሌክስ ፈርጉሰን ስም ሁልጊዜ ይጠራል። በ1979 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድን ተረክበው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት በ1982 ነው፤ ሊጉን ያሸነፉት በ1985 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 1982 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ደጋፊ የሦስት ዓመት ሰበብ በቃን፣ ደህና ሁኑ የሚል ጨርቅ በኦልድ ትራፎርድ ዘርግቷል። ያንን ዓመት ቡድኑ 13ኛ ነበር የጨረሰው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ቦርዱ ዓይኑን ጨፍኖ አለመታገሡ ነው። ፈርጉሰን የታዳጊዎችን ምልመላና ሥልጠና ከሥር ጀምሮ እንደገና ሲያደራጁ ያያል፣ ምን እየተሠራ እንደሆነም ያውቃል። ኦልድ ትራፎርድ የታገሠው ሰውየውን ብቻ አልነበረም፤ ሥራውንም እያየ ነበር።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ወደ ዋልያዎቹ እንምጣ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ በሁለተኛው አጋማሽ በደቂቃዎች ልዩነት አስቆጠሩ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን በደርሶ መልስ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠረው ግብ አለፈ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለስ ማለት በዚያ ዕለት ስታዲየሙን ለሞላው ወጣት በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ነገር ነበር። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው በዚያ አላቆሙም፤ በዓመቱ ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር አደረሱት። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር በአዲስ አበባ በተደረገው ጨዋታ በኃይሉ አሰፋ አስቆጥሮ መምራት ጀምረው ነበር፤ ኢማኑዌል ኤሜኒኬ ሁለት አግብቶ 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ ካላባር ላይም 2 ለ 0። ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈበት የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ደግሞ በጥር ወር ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተሸንፎ ተመለሰ።

በወሩ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ።

ከዚያ የሆነው ነገር በተርታ ሲነበብ ያሳዝናል። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት ገደማ ቆይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ አልጄሪያ ላይ 7 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ተሰናበቱ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ ከዚያ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ አብርሃም መብራቱ። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት ሰው። በእነዚህ አምስት አሠልጣኞች ዘመን ከተካሄዱት ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ኢትዮጵያ አንዱንም አላየችም። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የራሱን ተጫዋቾች መርጦ፣ የራሱን አጨዋወት ጀምሮ፣ ሳይጨርስ ወጣ፤ ተከታዩም ከዜሮ ጀመረ።

የአብርሃም መብራቱ ታሪክ ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው ነው። ወደ ዋልያዎቹ የመጡት የመንን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አሳልፈው ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ቡድናቸው ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ውላቸው ሲያልቅ ፌዴሬሽኑ አላደሰውም። ውበቱ አባተ ተሾሙና የቀሩትን የማጣሪያ ጨዋታዎች መሩ። ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈው መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ውበቱ የሚገባቸውን ምስጋና አግኝተዋል፤ ሠርተውታልም።

የምድቡን ሰንጠረዥ ግን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ9 ነጥብ አለፈች፤ ማዳጋስካር በ8 ነጥብ ቀረች። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ የተገኙት በባሕር ዳር፣ በአብርሃም መብራቱ ዘመን ነው። ያ ጨዋታ በአቻ ቢያልቅ ኖሮ እንኳ ዋልያዎቹ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አይሄዱም ነበር። የተሰናበተ ሰው ሥራ የሚታየው ከሄደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወደኋላ ተመልሶ ውሳኔውን የሚጠይቅ አይኖርም።

በክለቦቻችንም ያው ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት በገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ አሠልጣኙ መቀሌ 70 እንደርታን ይዘው ዋንጫውን ደገሙት፤ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረው ኦኪኪ አፎላቢም ወደ ግብፅ ሄደ። ጅማ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ዋንጫ በአንድ ዓመት ማምጣት ይቻላል፤ ክለብ ግን በአንድ ዓመት አይገነባም።

አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች በጀታቸው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም የሚመጣ ነው። በጀቱ በየዓመቱ ይጸድቃል፤ ያጸደቀው አካልም ውጤቱን በዓመቱ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሉ ለአንድ ዓመት ይፈረማል፤ በመሐል ቡድኑ ሲያዳልጠው በቀጣዮቹ ጨዋታዎች ውጤት ካላመጣህ የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል። ይህን ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ወደ ሜዳ የሚገባ አሠልጣኝ የ18 ዓመት ታዳጊ ማሰለፍ አይደፍርም። ሊግ ያደከመውን፣ ግን ስሕተት የማይሠራውን አንጋፋ ያሰልፋል። ለአቻ ይጫወታል። ታዳጊው ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመቱን ይጨርሳል፤ ብሔራዊ ቡድኑም በዓመቱ አጥቂ ጠፋ ተብሎ ይታዘንለታል።

የሚጠየቀው ነገር ትልቅ በጀት አይሻም። ፌዴሬሽኑም ሆነ ክለቦች አሠልጣኝ ሲቀጥሩ የተቀመጠው ግብ ምን እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚጠበቅና ለዚያ ምን እንደተመደበለት በጋዜጣዊ መግለጫው ዕለት ይናገሩ። በመሐል የሚያሰናብቱ ከሆነም ሰውየውን የመረጠው ቦርድ ወይም የቴክኒክ ኮሚቴ ቀርቦ ለምን እንደመረጠ፣ ለምን እንደተሳሳተና ምን እንዳስተካከለ ያስረዳ። ጋዜጠኞችም ጥያቄያቸውን ሁሉ ለአሠልጣኙ ብቻ አያድርጉ፤ የቦርዱን ሰብሳቢ ስልክ ይደውሉ። ደጋፊውም በሚቀጥለው ጊዜ "አሠልጣኙ ይውጣ!" ብሎ ከመጮሁ በፊት ይህን ሰው የቀጠረው ማን እንደሆነና ቀጣዩንም የሚቀጥረው ያው ሰው እንደሆነ ይጠይቅ።