ጸልየን ሸኘናቸው፤ ከዚያስ?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ሰሞን በየአጥቢያችን የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ ገቢዎቹ ወደ መድረክ ይጠራሉ። ሽማግሌዎች እጅ ይጭኑባቸዋል፤ ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ይጸልያል፤ መዘምራን አንድ መዝሙር ያቀርባሉ። ከዚያ «አሜን» ብለን እንቀመጥና ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ይህን ጸሎት አልነቅፍም፤ የሚነቅፍ ቢመጣም ተከራካሪው እኔ ነኝ። የምጠይቀው ከአሜን በኋላ ስላለው ነገር ነው። ከሆሳዕና ተነሥቶ ሰመራ የተመደበው ልጅ ትኬቱን በምን ይቆርጣል? ከሻሸመኔ ጎንደር የደረሳት እህት አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ሞዴስ ከየት ታገኛለች? ይህን የጠየቀ ሽማግሌ፣ ይህን በአጀንዳ ያስያዘ የወጣቶች መሪ ስንት ታውቃላችሁ?

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እኮ ነፃ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ከ1995ቱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወዲህ በአገራችን የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው ውል ይፈርማል። ሥርዓቱ ሲጀመር በወጣው ደንብ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ዕዳው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳውን እስኪያጠናቅቅ በእጁ የሚቆየው ቴምፖራሪ ነው፤ ኦሪጅናሉን ዲግሪ የሚያገኘው ከፍሎ ሲጨርስ ነው። እንግዲህ ነፃ የምንለው ትምህርት በዱቤ የተወሰደ ትምህርት ነው።

ሥርዓቱን በጅምላ አላወግዘውም። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ገበሬና የጉልት ነጋዴ በከፈሉት ግብር የተማረ ሰው ጥቂቱን ቢመልስ ተገቢ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዱቤው የሚሸፍነው ክፍሉን፣ ዶርሙንና ካፌውን ብቻ ነው። ተማሪ ግን በእነዚህ በሦስቱ ብቻ አይማርም። ትራንስፖርቱ፣ ልብሱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ የስልክ ካርዱ፣ መድኃኒቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ኅትመት፣ ዛሬ ደግሞ ላፕቶፑ ከውሉ ውጪ ናቸው። ቤተሰቡ ያለው ይልክለታል። የሌለው ቀኑን ሙሉ የጓደኛውን ላፕቶፕ ጠብቆ ሌሊት ይሠራል፤ ለዕረፍት ጓደኞቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እርሱ ግቢ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ «ዊዝድሮው» ሞልቶ ይመለሳል፤ ሰፈሩም «አቃተው» ይለዋል። ያቃተው ትምህርቱ እንዳልሆነ ማን ይንገረው? አንዳንዷ እህታችን ደግሞ የምትፈልገውን የሚሰጣት ሰው ከግቢው በር ውጪ መኪና አቁሞ ይጠብቃታል። እኛ ስለዚያ ሰው ኃጢአት በጉባኤ እንሰብካለን። መልካም፤ ይሰበክ። ነገር ግን እርሱ ሞዴስና የስልክ ካርድ እንደሚያስፈልጋት ዐውቆ ሲመጣ እኛ ግን ሳናውቅ ከቀረን፣ ስብከታችን ዘግይቶ ደርሷል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የሚገሥጸው ማንን እንደሆነ ደግማችሁ አንብቡ። የሚገሥጸው የሚለብሰውና የሚበላው ያጣውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን አማኝ ነው። ሰውየው ክፉ ቃል አልተናገረም። የተናገረው ምርቃት ነው። ግን ምርቃት ብቻ ነበርና ያዕቆብ እምነቱን ሞተ አለበት። የእኛ የመሸኛ ፕሮግራም ከዚህ ሰው ምርቃት በምን ይለያል? መዝሙር ስላለው?

ይህ እንግዲህ በሩን ያለፉት ጣጣ ነው። በሩ ላይ የቀሩትስ? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ያለፈው 5.4 በመቶ ነው። በእነዚህ ዓመታት በጉባኤያችን የሰማነው ምስክርነት ግን ያለፉትን ብቻ ነው፤ «ጌታ አሳለፈኝ» የሚለውን። ጌታ ይመስገን። ሆኖም ምስክርነቱን ስትሰሙ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ አይታችሁታል? ከ100 ተማሪዎች 3ቱን ጌታ ረዳ፣ 97ቱን ግን ረሳ እያልነው እኮ ነው። ጌታ አልረሳውም። የረሳው ላብራቶሪ፣ መጽሐፍና መምህር ሳያሟላ ፈተና ያቀረበለት ሥርዓት ነው፤ የረሳነው እኛ ነን። የሳይንስ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ለ4 ዓመት የተቀመጠን ልጅ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ስላስጸለይነው ብቻ ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። አዳራሻችን ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል፤ መብራቱም ወንበሩም ለእሑድ ተጠብቆ። በየወንበሩ የሚቀመጡት የፊዚክስና የሒሳብ ምሩቃንስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ማዳን ነው፤ ይህ የመንግሥት ነው» የሚል ወገን እንዳለ ዐውቃለሁ። ለዚህ ወገን የራሳችንን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ስዊድን ድረስ ተልኮ ተማረ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲታተም ዋናው ተርጓሚ እርሱ ነበር፤ ከጎኑ የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣችና በዚያው በምንኩሉ የተማረች ናት። ኋላም ኦነሲሞስ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈተ። የእነዚህን ልጆች የትምህርት ወጪ ማን ከፈለ? ከቶ አይተዋቸው የማያውቁ አማኞች፣ ከመባቸው። ወንጌላውያን ነን ስንል የቆምነው ሌላ ሰው ትምህርታቸውን በከፈለላቸው ድሃ ልጆች ትከሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናነብ ነበር?

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን ደግሞ አልቀበለውም። ለኮንፈረንስ ቲሸርት እናወጣለን። ለተጋባዥ ዘማሪ የአውሮፕላን ትኬት እንቆርጣለን። ሚክሰሩ ሳይበላሽ አዲስ ሚክሰር እንገዛለን። እነዚህ ሁሉ ኃጢአት ናቸው አላልኩም። ግን ገንዘብ የሌለው ሰው እንዲህ አያደርግም። የጎደለን ብር ሳይሆን ለድሃው ተማሪ በጀታችን ላይ አንድ መስመር ነው።

«ልጆቹን ጥገኛ እናደርጋቸዋለን» የሚሉም አሉ። ይህን ሲሉ የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ አባቱ የላከለትን ገንዘብ ተቀብሎ የተማረውን ነው። አባቱ ሲልክለት ጥገኛ ካልሆነ፣ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ነን የምንለው እኛ ብንልክለት ለምን ጥገኛ ይሆናል?

አሁን ደግሞ ወደ አንተ ልመለስ፣ የተመረቅህና ሥራ የያዝህ ወንድሜ፤ ወደ አንቺም እህቴ። በመካከላችን አንድ ወሬ አለ፤ «የወጪ መጋራቱን እንዳይቆርጡብህ እንዲህ አድርግ» የሚል ምክር። ከአምልኮ በኋላ በቡና ሰዓት በሳቅ ይነገራል። ዕዳ ነው፣ ፈርመህበታል። ጳውሎስ ለሮሜ አማኞች ስለ ግብር የጻፈው ክፍል ዲግሪ ያለውን ሰው ነፃ አያወጣም። የበላኸው ምግብ የአንድ ገበሬ ግብር ነበር። ሥራ አጥተህ ወይም ገቢህ አንሶ ካልቻልህ ማንም አይፈርድብህም፤ እየቻልህ የምትደበቅ ከሆነ ግን ነገ ለታናሽህ ስለ ታማኝነት ልታስተምረው አትችልም። ከዚህም ሌላ ዕዳ አለብህ፤ ያልፈረምህበት። ዶርም ውስጥ ግማሽ ሳሙና ያካፈለህ፣ የካምፓስ ኅብረቱ ወንድም ያበደረህና መልሶ ያልጠየቀህ። ያ ዕዳ የሚከፈለው ለአበዳሪው ሳይሆን ከኋላህ ለሚመጣው ተማሪ ነው።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። በየአጥቢያው በወር አንድ እሑድ ሁለተኛ መባ ለተማሪዎች ይሰብሰብ። ገንዘቡን ሦስት ሰዎች ይያዙት፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ በቅርብ የተመረቀ ወጣት። በየሩብ ዓመቱ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው ለጉባኤ ይነበብ፤ የተረዱት ልጆች ስም ግን ከቶ አይነበብ። ማንም ተማሪ ለትኬት ዋጋ ሲባል መድረክ ላይ ቆሞ ድህነቱን አይመስክር። የሚሰጠውም የታወቀ ይሁን፦ መሄጃና መመለሻ፣ ለየወሩ ጥቂት የኪስ ገንዘብ፣ በአንድ ግቢ ላሉ የአጥቢያው ልጆች በጋራ አንድ ላፕቶፕ። ፈተናው ላልሆነለት ልጅም የቴክኒክና ሙያ ክፍያው ከዚሁ ይሸፈን፤ ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚማር ልጅ የእሑድ መባችንን ለመካፈል ከሐኪሙ ያነሰ መብት የለውም። አዳራሹም ከሰኞ እስከ ዓርብ ለጥናት ይከፈት።

ይህን ለመጀመር የሲኖዶስ ውሳኔ፣ የውጭ አገር ለጋሽ፣ ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ይህን መጽሔት ከምታነቡት መካከል አምስት ወጣቶች ተነጋግራችሁ ለሽማግሌዎች ደብዳቤ ብትጽፉ ይበቃል። ሽማግሌዎቹ «እናስብበታለን» ካሉ፣ እያሰቡ ሳሉ እናንተ ከኪሳችሁ ጀምሩ። የአንድ ቲሸርት ዋጋ ከአምስት ሰው ሲሰበሰብ ለአንድ ልጅ ትኬት አያንስም።

በሚመጣው ምደባ ልጆቹ ወደ መድረክ ሲጠሩ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጸልዩላቸው። «አሜን» ካላችሁ በኋላ ግን አትቀመጡ። ሂዱና በጆሯቸው ጠይቋቸው፦ «መቼ ነው የምትሄጂው? ትኬት ቆርጠሻል?»